ኮሚኒቲ ኮሌጅ ወይስ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ? ከቤቱ የመጀመሪያ ለሆነ ተማሪ የቀረበ ማወዳደሪያ

ኮሚኒቲ ኮሌጅ ርካሽ፣ ዩኒቨርሲቲ ውድ ነው የሚለው ስሌት በብዙ የሐበሻ ቤት ክርክሩን ገና ሳይጀመር ይዘጋዋል። አሜሪካ ውስጥ ግን የኮሌጅ ዋጋ በር ላይ ተለጥፎ እንደሚነበብ ዋጋ አይደለም። ሁለት ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ሦስት እጥፍ ሊከፍል ይችላል። ርካሽ የተባለው መንገድም መሐል ላይ ክሬዲት (የተማሩት ትምህርት የሚቆጠርበት ነጥብ) ከጠፋበት አራቱን ዓመት ስድስት አድርጎ ከውዱ በላይ ያስከፍላል።

ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው ሁለት ነገር ነው፤ የማይመለሰው ድጋፍ ከተቀነሰ በኋላ ከቤተሰቡ ኪስ የሚወጣውን ገንዘብ፣ እና የተማሩት ትምህርት ሳይጣል እስከ ዲግሪው መድረሱን። የትምህርት ቤቱን ስም ከእነዚህ በኋላ ብታዩት ይሻላል። ጽሑፉ አሜሪካ ለሚኖሩ፣ ከቤቱ የመጀመሪያ ሆኖ ለአሜሪካ ኮሌጅ የሚዘጋጅ ልጅ ላላቸው ቤተሰቦች ነው። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ገንዘቡም በዶላር ነው።

ዘመድ የሚለውና የማይለው

"ኮሚኒቲ ኮሌጅማ ውጤት ላጣ ነው" የሚል ዘመድ አይጠፋም። ይህን ያስተማረን የአገር ቤቱ ሥርዓት ነው፤ እዚያ ዩኒቨርሲቲ የሚገባውንና የማይገባውን የሚለየው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነው። እዚህ ኮሚኒቲ ኮሌጅ በሩን ለሁሉም የከፈተው ሆን ብሎ ነው። በ1901 ኢሊኖይ ውስጥ ጆሊየት ላይ የመጀመሪያው የሕዝብ ጁኒየር ኮሌጅ ሲቋቋም ሐሳቡ ተማሪው የዩኒቨርሲቲን የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ከቤቱ ሳይርቅ እንዲማር ነበር። ዛሬም እንደዚያው ነው፤ 60 ያህል ክሬዲት ሲሞላ አሶሼት ዲግሪ ይሰጣል፣ ባችለር ዲግሪ ደግሞ 120 ያህል ይጠይቃል። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ባለቤት ጂል ባይደን ዋይት ሐውስ በነበሩበት ጊዜም እንግሊዝኛ ያስተምሩ የነበረው በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ሁላችንም ኖቫ ብለን በምንጠራው ነው። ይህን ለዘመድየው ንገሩትና ወሬው ይለወጥ።

ዘመድየው የማያነሳው ግን እውነተኛ ችግር አለ። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ከሚገቡት አብዛኞቹ ባችለር ዲግሪ ይዘው መውጣት ይፈልጋሉ። በ2024 ይፋ የሆነ አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የሚዛወሩት ከሦስት አንዱ ያህል ሲሆኑ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ባችለር የሚይዙት ከመቶ 16 ያህል ብቻ ናቸው። ይህ ስለ ስንፍና የሚናገር ቁጥር አይደለም። ሥራና ትምህርት አብረው ይደራረባሉ፣ ክሬዲት ይጠፋል፣ መንገዱን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው በቤት ውስጥ የለም። መንገዱን አውቆ ለገባ ልጅ ይኸው ኮሌጅ በጣም ጥሩ ምርጫ ነው።

የተለጠፈው ዋጋና የሚከፈለው ዋጋ

የኮሌጅ ዋጋ የሚያጠናው ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት ያወጣቸው የ2024–25 አማካይ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። በሕዝብ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ለአካባቢው ነዋሪ የዓመቱ የትምህርት ክፍያ 4,050፣ በሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ለግዛቱ ነዋሪ 11,610፣ በግል ዩኒቨርሲቲ 43,350 ነበር። አማካይ ስለሆነ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ የኮሚኒቲ ኮሌጅ አንድ ክሬዲት 46 ዶላር ነው፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ነዋሪም ጭራሽ ይሰረዝለታል፤ ሌላ ግዛት ደግሞ ከአማካዩ ከፍ ይላል።

አሁን ፔል ግራንትን እንጨምርበት። የፌዴራል መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ተማሪዎች የሚሰጠው የማይመለስ ገንዘብ ሲሆን፣ ለ2025–26 ጣሪያው 7,395 ነው። ሙሉውን ያገኘና በሙሉ ጊዜ የሚማር ልጅ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ቢገባ በአማካዩ ዋጋ ክፍያው ተሸፍኖ 3,345 ይተርፈዋል፤ ኮሌጁ ትርፉን ለተማሪው ይመልሳል፣ መጽሐፍና ነዳጅ ይሆናል። ያው ልጅ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከቤቱ እየተመላለሰ ቢማር የሚጎድለው 4,215 ነው፤ የግዛቱና የዩኒቨርሲቲው ድጋፍ ገና አልተቆጠረም። ዶርም ከገባ ግን ማደሪያና ምግብ በአማካይ ከ13,000 በላይ ይጨምርበታል። ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው አልጋው ነው።

ይህ ብዙ ቤተሰብ የማይሠራው ስሌት ነው። ፌርፋክስ የሚኖር ልጅ ጆርጅ ሜሰን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ልጅ የኮሌጅ ፓርኩ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ዴንቨር የሚኖር ልጅ ሜትሮፖሊታን ስቴት ከተቀበለውና ቤት ውስጥ የሚያጠናበት ጸጥ ያለ ጥግ ካለው፣ ኮሚኒቲ ኮሌጅ በገንዘብ ረገድ የሚኖረው ብልጫ ከሚታሰበው ያነሰ ሊሆን ይችላል። የእነዚህን ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን ዋጋ ተመልከቱ እንጂ በአማካዩ አትወስኑ። እያንዳንዱ ኮሌጅ በድረ ገጹ ላይ በቤተሰብ ገቢ መሠረት የተጣራውን ዋጋ የሚገምት ማስያ እንዲያኖር ሕግ ያስገድደዋል። ማስያውን ከማመልከቻው በፊት ሞክሩት።

ውጤቱ እጅግ ከፍ ያለ ልጅ ላላቸው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ 43,350 የሚለው ቁጥር አያስደንግጣችሁ። ሐብታሞቹ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ከሁሉም ርካሽ ሊሆኑ ይችላሉ። ሐርቫርድ ከ2025–26 ጀምሮ የቤተሰቡ ገቢ ከ100,000 በታች ለሆነ ተማሪ ትምህርቱንም ማደሪያውንም ምግቡንም በነጻ አድርጎታል። መግባቱ ከባድ ነው፤ ግን "የእኛ አቅም አይደለም" ብሎ ማመልከቻ አለመላክ ያለ ሒሳብ መወሰን ነው።

የድጋፍ ደብዳቤውን ማንበብ

ልጁ ከተቀበሉት ዩኒቨርሲቲዎች የፋይናንስ ድጋፍ ደብዳቤ ይመጣል። ብዙ ወላጅ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ደብዳቤው እንዲህ ይላል እንበል፤ የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 29,000፤ ፔል ግራንት 7,395፤ የዩኒቨርሲቲው ግራንት 4,000፤ የፌዴራል የተማሪ ብድር 5,500፤ ወርክ ስተዲ 2,500፤ ፓረንት ፕላስ 9,605፤ ቀሪ ዕዳ ዜሮ።

ዜሮ የሚለውን አይቶ እልል የሚል አለ። እስክሪብቶ አንሡና በእያንዳንዱ መስመር አጠገብ "ይመለሳል" ወይም "አይመለስም" ብላችሁ ጻፉ። የማይመለሱት ሁለቱ ግራንቶች ብቻ ናቸው፤ ድምራቸው 11,395 ነው። ወርክ ስተዲ ልጁ በግቢው ውስጥ በሰዓት ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝ ስለሆነ ገና ያልተሠራ ገንዘብ ነው፣ ከሂሳቡም አይቀነስም። ፓረንት ፕላስ በወላጅ ስም የሚወሰድ ብድር ነው፤ ልጁ ትምህርቱን ቢያቋርጥም የሚፈለገው ከአባት ወይም ከእናት ነው። ስለዚህ የዚህ ደብዳቤ እውነተኛ ቀሪ 17,605 ነው፣ በአንድ ዓመት። ይህን ቁጥር ከኮሚኒቲ ኮሌጁ ቀሪ ጎን አስቀምጡና ያን ጊዜ ተከራከሩ።

ስለ ብድር የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ በልጁ ስም የሚወሰደው የፌዴራል ብድር ጣሪያ ስላለው (የመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ ሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ በኋላ 7,500) ሲያስፈልግ ቢወሰድ አያስፈራም። ፓረንት ፕላስን ግን ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ የጡረታ ቁጠባ የሌለው ወላጅ እንዲፈርም አልመክርም። መንግሥትም ከ2026 ጁላይ ጀምሮ በዓመት 20,000፣ በአንድ ልጅ በጠቅላላ 65,000 የሚል ገደብ አድርጎበታል።

በየግዛቱ "ፕሮሚስ" እየተባሉ የሚታወቁ የነጻ ኮሌጅ ፕሮግራሞችም አሉ። የሲያትል ፕሮሚስ በከተማዋ የሕዝብ ትምህርት ቤት ላጠናቀቁ ሁለት ዓመት ይከፍላል፤ የሚኒሶታው ኖርዝ ስታር ፕሮሚስ ከ2024 መኸር ጀምሮ ገቢው ከ80,000 በታች ለሆነ ቤተሰብ ነው፤ ሜሪላንድም ለኮሚኒቲ ኮሌጅ እስከ 5,000 ትሰጣለች። ብዙዎቹ ፔል ከተከፈለ በኋላ የቀረውን የሚሞሉ ስለሆኑ በጣም ዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ የሚጨምሩት ትንሽ ነው፤ የበለጠ የሚጠቅሙት ገቢው መካከለኛ ሆኖ ፔል ላልደረሰው ነው።

ፋፍሳ፣ ዕቁብና አክስት

የፌዴራሉ ገንዘብ ሁሉ የሚመጣው ፋፍሳ በሚባለው የድጋፍ ማመልከቻ ቅጽ በኩል ነው። ብዙውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል፣ ነጻ ነው። ለመሙላት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ተሰናበቱት፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አማካሪም፣ የኮሚኒቲ ኮሌጁ የድጋፍ ቢሮም ያለ ክፍያ ያግዛሉ። የግዛት ድጋፍ ብዙ ጊዜ የራሱ የመጨረሻ ቀን ስላለው ኮሌጅ ሳይመረጥም ቅጹን መሙላት ይቻላል፤ በአንድ ቅጽ ላይ ብዙ ኮሌጆች ይዘረዘራሉ፣ ኮሚኒቲ ኮሌጁንም እዚያው ጨምሩት።

ቅጹ የሚያየው የሁለት ዓመት በፊቱን ታክስ ነው። ለ2026–27 የትምህርት ዓመት የሚታየው የ2024 ገቢ ነው ማለት ነው። በመሐሉ አባት ከሥራ ከወጣ ወይም እናት ከታመመች ቅጹ ይህን አያውቅም፤ ለኮሌጁ የድጋፍ ቢሮ ማስረጃ አያይዞ እንዲታይ መጠየቅ መብት ነው። ሐበሻ ይህን መጠየቅ እንደ ልመና ስለሚቆጥረው ይተወዋል፤ ቢሮው ግን ለዚሁ ሥራ የተቀመጠ ነው።

ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ወላጅ የሚታይበት ጠቅላላ ገቢው ሳይሆን ወጪው ተቀንሶ ታክስ ላይ የተመዘገበው ነው። የቤተሰቡ ገቢ ከ60,000 በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ባንክ ውስጥ ያለው ገንዘብ ጭራሽ አይጠየቅም፤ የራሱ ሥራ ኖሮት ከዚያ ከ10,000 በላይ የተጣራ ትርፍ ያስመዘገበ ግን ይጠየቃል፤ ሾፌሮቻችን የሚገቡት ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። በቅርቡ እንደ ስናፕ (የምግብ ድጋፍ) ወይም ሜዲኬይድ (የጤና መድን) ያለ የመንግሥት ድጋፍ ያገኘ ቤተሰብም ከጥያቄው ነጻ ሊሆን ይችላል።

የሚጠየቅ ቤተሰብ የሚመልሰው ቅጹ በተሞላበት ቀን ባንክ ውስጥ ያለውን ነው። ስለዚህ ዕቁብ በደረሰ ሳምንት ፋፍሳ አትሙሉ። ቅጹ ዕቁብ አያውቅም፤ 20,000 ደርሷችሁ ገና አሥራ አምስት ወር የምትከፍሉት ቢኖርባችሁም እንደ ሀብት ይቆጥረዋል። ገንዘቡ ለታሰበለት ነገር፣ ለመኪናው ዕዳም ሆነ ለቤቱ ቅድመ ክፍያ፣ ከዋለ በኋላ ሙሉ። (የሚኖሩበት ቤት በፋፍሳ አይቆጠርም።) መዋሸት አያስፈልግም፣ ወንጀልም ነው፤ ቀኑን መምረጥ ግን ሕጋዊ ነው። በተረፈ በወላጅ ስም ያለ ገንዘብ ቢበዛ 5.64 በመቶው፣ በልጁ ስም ያለው ግን 20 በመቶው ለትምህርት እንደሚውል ይታሰባል። 20,000ው በአባት ሂሳብ ሲሆን የሚጠበቀውን መዋጮ እስከ 1,128 ከፍ ያደርጋል፣ በልጁ ሂሳብ ሲሆን እስከ 4,000። ለልጅ ተብሎ በልጅ ስም መቆጠቡ እዚህ ላይ ይጎዳል።

ሌላው የእኛ ጉዳይ ከአክስት ወይም ከአጎት ጋር የሚኖር ልጅ ነው። ቢያሳድጉትም፣ ታክስ ላይ ቢያስገቡትም፣ በጉዲፈቻ እስካልወሰዱት ድረስ በፋፍሳ ወላጅ አይደሉም። ወላጁ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ያለ እናት ከሆነች ቅጹ የሚፈልገው እሷን ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅ የራሱን መለያ መክፈት ይችላል፣ የአገር ቤት ገቢውም ወደ ዶላር ተቀይሮ ይሞላል። ፍርድ ቤት አክስትን ሕጋዊ አሳዳጊ አድርጎ ከነበረ፣ ወይም ልጁ ወላጆቹን በሞት ካጣ፣ ራሱን እንደቻለ ተማሪ ይታያል፣ የወላጅ መረጃም አይጠየቅም፤ ዕድሜው 24 የሞላ ወይም ያገባም እንዲሁ። ከእነዚህ ውጭ የሆነ አስቸጋሪ ሁኔታ፣ ለምሳሌ ከወላጅ ጋር መገናኘት የማይቻል ከሆነ፣ ለኮሌጁ በጽሑፍ ይቀርባል።

የመኖሪያ ፈቃድ ዓይነት ምርጫውን ይለውጣል

ግሪን ካርድ ያለው፣ በዲቪ የመጣውን ጨምሮ፣ እንዲሁም ስደተኛ ሆኖ የገባና ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው የፌዴራል ድጋፍ ያገኛል። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና በሂደት ላይ ያለ፣ ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ብቻ ያለውና ዳካ (በልጅነታቸው ያለ ወረቀት ለመጡ የሚሰጥ ከመባረር መጠበቂያ) ያለው አያገኙም። ለእነዚህ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ብዙ ጊዜ ብቸኛው የሚቻል በር ነው፣ ግን በየግዛቱ ይለያል። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዋሽንግተንና ካሊፎርኒያ በግዛታቸው ሁለተኛ ደረጃ ላጠናቀቁ ልጆች ያለ ወረቀትም የነዋሪ ዋጋ የሚፈቅዱ ሕጎች አሏቸው። ቴክሳስም ከ2001 ጀምሮ ነበራት፤ በ2025 ጁን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆሟል። ይህ ነገር በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከመመዝገብ በፊት የኮሌጁን ቢሮ መጠየቅ ግድ ነው።

በዲቪ አዲስ ለመጡ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ለፔል ወዲያው ብቁ ናቸው፣ የነዋሪ ዋጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት መኖርን ይጠይቃል። ሜሪላንድ ውስጥ እንደ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ያሉት ለካውንቲው ነዋሪ፣ ለግዛቱ ነዋሪና ከውጭ ለመጣ ሦስት የተለያየ ዋጋ አላቸው፤ ልዩነቱም ትልቅ ነው። ያን ዓመት በቤተ መጻሕፍትና በካውንቲ በሚሰጥ ነጻ የእንግሊዝኛ ትምህርት ማሳለፍ ጥሩ ምርጫ ነው። ፔል ዕድሜ ልክ ከ12 ሴሚስተር የማያልፍ ስለሆነ ለዲግሪ በማይቆጠር ትምህርት ላይ አብዝቶ ማዋል ኋላ ያስቆጫል። ከአገር ቤት ባችለር ይዞ የመጣ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ፔል አያገኝም፤ ዲግሪው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተሰጠ መሆኑ ለውጥ የለውም።

ክሬዲቱ የት ይደርሳል?

ኮሚኒቲ ኮሌጅን የመረጠ ሰው ከገንዘቡ በላይ ሊጨነቅበት የሚገባው ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲው ትምህርቱን መቀበሉና ለዋናው የትምህርት ዘርፍ መቁጠሩ ይለያያሉ። ኢንጂነሪንግ የሚፈልግ ልጅ ሁለት ዓመት ሶሲዮሎጂ፣ የሙዚቃ መግቢያና አልጀብራ ተምሮ 60 ክሬዲት ይዞ ቢዛወር ዩኒቨርሲቲው ሁሉንም ሊቀበለው ይችላል። ነገር ግን ካልኩለስና ፊዚክስ ስላልወሰደ፣ እነሱም አንዱ ለአንዱ ቅድመ ሁኔታ ስለሆኑ፣ ከፊቱ ገና ሦስት ዓመት ይጠብቀዋል። ወረቀቱ ላይ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው፣ በተግባር ግን ከመጀመሪያው ዓመት ብዙም አልራቀም።

መከላከያው ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ መሥራት ነው። መጀመሪያ የሚዛወርበት ዩኒቨርሲቲና የትምህርት ዘርፍ ይመረጣል፤ ከዚያ የዚያ ዘርፍ የዝውውር መርሐ ግብር ወጥቶ የመጀመሪያው ሴሚስተር ትምህርቶች ከእሱ ይመዘገባሉ። ኖቫ ከጆርጅ ሜሰን ጋር አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም አለው፤ የቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ከግዛቱ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተፈራረሙት የዋስትና ቅበላ ስምምነት አለ፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ አሲስት የሚባለው ድረ ገጽ እያንዳንዱ ትምህርት የት እንደሚቆጠር ያሳያል። አንዳንዱ ስምምነት ገና በመጀመሪያው ዓመት መፈረም ይፈልጋል፤ ዘግይቶ የጠየቀ ያጣዋል። ከአማካሪ ጋር የተነጋገራችሁትን በኢሜይል አስጽፉ፤ አማካሪዎች ይቀያየራሉ፣ ጽሑፉ ይቀራል።

አሶሼት ዲግሪውም ዓይነት አለው። የአርትስና የሳይንስ የሚባሉት ለመዛወር የተሠሩ ናቸው። አፕላይድ ሳይንስ የሚል ቃል ያለበት ግን ተማሪውን በቀጥታ ወደ ሥራ ለማስገባት የታሰበ ስለሆነ፣ ኋላ ባችለር ሲፈለግ አብዛኛው ክሬዲት ላይቆጠር ይችላል። ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው የሚሳሳተው በምዝገባው ቀን ነው።

ነርሲንግ፣ ማስታወቂያውና ኮሌጁ

በእኛ ማኅበረሰብ ከሦስት ውይይት አንዱ የሚያልቀው ነርሲንግ ላይ ስለሆነ ለብቻው ላንሳው። የኮሚኒቲ ኮሌጅ የሁለት ዓመት ነርሲንግ የጨረሰና የአራት ዓመቱን የጨረሰ ለአንድ ዓይነት የፈቃድ ፈተና ይቀመጣሉ፣ ሁለቱም አርኤን (ፈቃድ ያለው ነርስ) ይሆናሉ። ብዙ ትልልቅ ሆስፒታሎች ባችለሩን ይመርጣሉ፤ ነገር ግን እየሠሩ፣ አንዳንዴም አሠሪው እየከፈለ፣ ባችለሩን መጨረስ የተለመደ ነው። ለሠራተኛ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ መንገድ ብዙ አላየሁም።

አስቸጋሪው መግቢያው ነው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ መግባት ነርሲንግ መግባት ማለት አይደለም። መጀመሪያ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂና እንግሊዝኛ በጥሩ ውጤት ማለፍ፣ ከዚያ ለጥቂት ቦታ መወዳደር አለ። ለእነዚህ ትምህርቶች ሲባል የሥራ ሰዓት መቀነስ ካለበት የሚቀነሰው ያን ጊዜ ነው።

ይህን ረጅም ወረፋ ተመልክተው "ሳትጠብቁ ግቡ፣ በአሥራ ስምንት ወር ጨርሱ" የሚሉ ለትርፍ የተቋቋሙ ትምህርት ቤቶች አሉ። ሁሉም መጥፎ አይደሉም። ዋጋቸው ግን የኮሚኒቲ ኮሌጁን ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ ክሬዲታቸውንም ሌላ ኮሌጅ ላይቀበለው ይችላል። ኮሪንቲያን ኮሌጆች በ2015፣ አይቲቲ ቴክ በ2016 በድንገት ሲዘጉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ተማሪ ከነዕዳው ሜዳ ላይ ቀርቷል። ከመፈረም በፊት የግዛቱን የነርሲንግ ቦርድ ድረ ገጽ ክፈቱና የዚያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የፈቃድ ፈተናውን ምን ያህል እንደሚያልፉ እዩ። ከዚያ በአቅራቢያችሁ ላለው የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ደውሉና "የዚህን ትምህርት ቤት ክሬዲት ትቀበላላችሁ?" በሉ። በአንድ ስልክ ጥሪ የሚገኝ መልስ ነው።

እንግዲህ ለማን የቱ?

ገና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያለ ልጅ ከሁሉም በፊት እዚያው እያለ የኮሌጅ ክሬዲት የሚያገኝበትን መንገድ ይፈልግ። ዋሽንግተን ውስጥ ራኒንግ ስታርት፣ ቴክሳስ ውስጥ ዱዋል ክሬዲት ይባላል፤ ከሁሉም የረከሰው ክሬዲት ይህ ነው።

ዩኒቨርሲቲው ቅርብ የሆነ፣ ጥሩ ግራንት የሰጠውና ውጤቱ ጠንካራ የሆነ ልጅ በቀጥታ ይግባ። ዘርፉን ያልወሰነ፣ ወይም በትምህርቱ መሐል ከአገር ቤት መጥቶ እንግሊዝኛው ገና ያልጠነከረ፣ ወይም ቀሪ ክፍያው ፓረንት ፕላስ ካልተወሰደ የማይሞላ ከሆነ ኮሚኒቲ ኮሌጅን ያለ ሐፍረት ይምረጥ። ለነርሲንግ፣ ለአልትራሳውንድና መሰል የጤና ሙያዎች ኮሚኒቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ለኢንጂነሪንግና ለኮምፒውተር ሳይንስ የምመክረው የተጻፈ የዝውውር ስምምነት ካለ ብቻ ነው።

የትም ቢገባ ትሪዮ የሚባለውን የፌዴራል ፕሮግራም ቢሮ ይጠይቅ። ወላጆቹ ባችለር ለሌላቸው፣ ለዝቅተኛ ገቢና ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች አስጠኚና አማካሪ ያቀርባል። ከአገር ቤት ዲግሪ ይዞ እዚህ ፓርኪንግ የሚሠራ አባት ያለው ልጅ በመጀመሪያው መስፈርት ባይገባ እንኳ በገቢው ሊገባ ይችላል።

ከተመዘገቡ በኋላ

12 ክሬዲት ለድጋፍ ሙሉ ጊዜ ይባላል እንጂ በዚያ ፍጥነት 60ው የሚያልቀው በአምስት ሴሚስተር ነው፤ በሁለት ዓመት ለመጨረስ 15 ያስፈልጋል። ክፍያው በቀኑ ካልተከፈለ ወይም የክፍያ ስምምነት ካልተፈረመ ብዙ ኮሌጆች ልጁን ከክፍሉ ያስወጡታል፣ ቦታውም ለሌላ ይሰጣል። በታክስ ጊዜ እስከ 2,500 የሚደርስ የኮሌጅ ቅናሽ አለ፣ የተገዙ መጻሕፍትም ይቆጠራሉ፤ ደረሰኝ አትጣሉ። ወላጅ ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፤ ልጁ ኮሌጅ ከገባ በኋላ ሕጉ ውጤቱን የእሱ ብቻ ያደርገዋል። አባት ቢሮ ሄዶ ቢጠይቅ ብዙ ጊዜ አይነገረውም፣ ልጁ በጽሑፍ ካልፈቀደ በስተቀር። የፈቃድ ቅጹን በመጀመሪያው ሳምንት በስምምነት መፈረም ኋላ ከሚመጣ ጭቅጭቅ ያድናል።

ድጋፉን ለማቆየት አብዛኛው ኮሌጅ አማካይ ውጤት ከ2.0 እንዳይወርድና ከተመዘገበው ትምህርት 67 በመቶ ያህሉ እንዲጠናቀቅ ይጠይቃል። በእኛ ቤት ይህ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፤ አያት ያርፋሉ ወይም የታላቅ እኅት ሠርግ ይደርሳል፣ ቤተሰቡ በሴሚስተሩ አጋማሽ ወደ አገር ቤት ይሄዳል፣ ልጁ ለማንም ሳይናገር ይቀራል። የቀረባቸው ክፍሎች ሁሉ ኤፍ ይሆናሉ። ከሴሚስተሩ 60 በመቶ በፊት ያቋረጠ ተማሪ ደግሞ ከፔሉ የተወሰነው ተመላሽ ይጠየቅበታል፣ ኮሌጁም ያንን ዕዳ ከእሱ ይፈልጋል። ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት ልጁ የድጋፍ ቢሮው ሄዶ የ60 በመቶው ቀን መቼ እንደሆነ ይጠይቅ፣ ለመምህራኑም በኢሜይል ይጻፍ፤ ከክፍል ለሁለት ሳምንት የሚቀር ከሆነ ብዙዎቹ ሥራውን በኢንተርኔት እንዲልክ ይፈቅዱለታል።